አሮጌው የደህንነት ሶፍትዌር ከአዲሱ ብራውዘር ጋር አልስማማ ሲል፦ ከፋየርፎክስ 52 ወደ 60 የተሻገርንበት መንገድ

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን የመከታተል ኃላፊነት በእኔ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ብራውዘር ፋየርፎክስ 52 ሲሆን፣ እሱም ለድርጅቶች ተብሎ የተራዘመ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ስሪቶች አንዱ ነበር። ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቀው ደግሞ ዓመታት ያስቆጠረ፣ የቫይረስ መከላከያውን፣ የድረ ገጽ ማጣሪያውንና የይለፍ ቃል ማስቀመጫውን በአንድ ላይ የያዘ የደህንነት ሶፍትዌር ነበር። የፋየርፎክስ 52 ድጋፍ በሴፕቴምበር 2018 መጀመሪያ ላይ ስለሚያበቃ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ከዚያ በኋላም ለሚገኙ ክፍተቶች መጠገኛ ስለማይወጣለት፣ ወደ ተከታዩ የተራዘመ ድጋፍ ስሪት፣ ማለትም ወደ 60 መሻገር የግድ ሆነ። በ52 እና በ60 መካከል ያሉትን ስሪቶች እየተከተለ ለሚያድስ ሰው በወራት ተከፋፍለው የመጡት ለውጦች፣ ለእኛ በአንድ ቀን ተደምረው መጡ።

እድሳቱ እንደ ተጠናቀቀ የደረሱኝ አቤቱታዎች መልካቸው የተለያየ ነበር። አንዳንዶች በብራውዘሩ አናት ላይ ይታይ የነበረው የደህንነት ሶፍትዌሩ ምልክት ጠፋብን አሉ። ሌሎች ምስጠራ ያለበት ገጽ በሙሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈት አላቸው። ጥቂቶች ደግሞ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈርሙበት አገልግሎት እንደማይነሳ ነገሩኝ። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ «ትናንት ይሠራ ነበርና ወደ ትናንቱ መልሱልን» የሚል። ይህን ጥያቄ አልተቀበልኩትም። ከኢንተርኔት የሚመጣውን ያልታወቀ ኮድ በየደቂቃው የሚያስተናግደው ብራውዘሩ ነው። መጠገኛ የተቋረጠበትን ብራውዘር ጠባቂው እንዲመቸው ብሎ ማቆየት ጥበቃውን ትርጉም ያሳጣዋል። በዚያ ላይ አንድን የፋየርፎክስ ፕሮፋይል (የተጠቃሚው ማስተካከያዎችና መረጃዎች የሚቀመጡበትን ማህደር) በአዲስ ስሪት ከከፈቱ በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ አምራቹ የማይደግፈው አሠራር ነው፤ ከስሪት 67 ጀምሮማ ብራውዘሩ ራሱ እንዲህ ያለውን ፕሮፋይል አልከፍትም ይላል።

ስለዚህ አቤቱታዎቹን አንድ ችግር አድርጌ ከማየት ይልቅ፣ የደህንነት ሶፍትዌሩ ወደ ብራውዘሩ የሚገባባቸውን በሮች ለየብቻ መመርመር ጀመርኩ። የዚያ ዘመን ሶፍትዌሮች በሮቻቸው ብዙ ነበሩ። አንደኛው በ1995 ኔትስኬፕ ናቪጌተር 2 ከተባለው የቀድሞ ብራውዘር ጋር የመጣው የፕለጊን ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ማንኛውም የውጭ ፕሮግራም በብራውዘሩ ውስጥ የተጠቃሚውን ሙሉ ሥልጣን ይዞ እንዲሠራ ይፈቅድ ነበር። ክሮም በሴፕቴምበር 2015 በወጣው ስሪት 45 ሙሉ በሙሉ ዘጋው፤ ፋየርፎክስ ደግሞ በማርች 2017 በስሪት 52 ቪዲዮና ጨዋታ ከሚያሳየው ፍላሽ በስተቀር ሁሉንም ፕለጊኖች ከለከለ። የእኛ የተራዘመ ድጋፍ ያለው 52 ግን በልዩ ሁኔታ እንዲቀጥል ተፈቅዶለት ስለ ነበር፣ በሩ የተዘጋብን 60 ሲገባ ነው። ሁለተኛው በር የድሮው የኤክስቴንሽን ሥርዓት ሲሆን፣ ኤክስቴንሽኖች (በብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የብራውዘሩን የውስጥ ክፍሎች እንዳሻቸው የሚለውጡበት ነበር። እሱን ደግሞ በኖቬምበር 2017 የወጣው ፋየርፎክስ 57 ሻረው። የጠፋው ምልክት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የኤክስቴንሽኖች ገጽ ላይ ስገባ አሮጌዎቹ ለብቻቸው ተለይተው፣ ከጎናቸው ምትክ ፈልግ የሚል አዝራር ተቀምጦላቸው አገኘኋቸው። አምራቾቹ ይህን በማድረጋቸው ብዙ ተወቅሰዋል። እኔ ግን ልክ ነበሩ ባይ ነኝ፤ እነዚህ በሮች ለጠባቂው እንደ ተከፈቱ ሁሉ ለአጥቂውም ክፍት ነበሩ።

ይበልጥ ያደከመኝ ሦስተኛው፣ የሰርተፊኬቱ ማለትም ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ጉዳይ ነው። እንግዳ የሆነብኝ ችግሩ ሁሉንም ሰው አለመንካቱ ነበር። በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ብራውዘር፣ አንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያ ሲገባ ገጾቹ ይከፈቱለታል፤ ሌላው በራሱ ሲገባ አይከፈቱለትም። ገጹ በሚከፈትለት ሰው በኩል በአድራሻው ጎን ያለውን የቁልፍ ምልክት ተጭኜ ሰርተፊኬቱን ማን እንደ ሰጠ ተመለከትኩ። ሰጪው ሆኖ የተጻፈው ከሚታወቁት የሰርተፊኬት ሰጪ ተቋማት አንዱ ሳይሆን፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የደህንነት ሶፍትዌር ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሶፍትዌሩ የተመሰጠረውን ግንኙነት መሀል ላይ ተቀብሎ ይፈታል፣ ይመረምራል፣ ከዚያም በራሱ ሰርተፊኬት እንደገና መስጥሮ ለብራውዘሩ ያቀብላል። ብራውዘሩ ይህን የሚቀበለው የሶፍትዌሩን ሩት ሰርተፊኬት (የሌሎቹ ሰርተፊኬቶች እምነት የሚመነጭበትን ዋናውን) የሚያምን ከሆነ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ የራሱ የሰርተፊኬት ማከማቻ ሲኖረው፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከዚያ የተለየ የራሱን ይጠቀም ነበር። ስለዚህ የደህንነት ሶፍትዌሩ ሩት ሰርተፊኬቱን በእያንዳንዱ የፋየርፎክስ ፕሮፋይል ውስጥ ራሱ ይጽፍ ነበር። የሚጽፍበት ፋይል ስሙ በቁጥር 8 የሚያበቃው የድሮው የሰርተፊኬት መዝገብ ነው። ፋየርፎክስ ግን ከስሪት 58 ጀምሮ የመዝገቡን ዓይነት ቀይሮ በ9 የሚያበቃውን አዲስ ፋይል ይጠቀማል። ከድሮ ጀምሮ ፕሮፋይል የነበራቸው ሰዎች ብራውዘራቸው ሲታደስ የአሮጌው መዝገብ ይዘት ወደ አዲሱ ስለ ተገለበጠላቸው ምንም ሳይሰማቸው አለፉ። ከእድሳቱ በኋላ አዲስ ፕሮፋይል የተከፈተላቸው ግን፣ ሶፍትዌሩ ብራውዘሩ በማያነበው ፋይል ላይ እየጻፈ ስለ ነበር፣ እምነቱ አልደረሳቸውም። የፕሮፋይሉን ማህደር ከፍቼ ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የአሮጌው የተሻሻለበት ሰዓት ከአዲሱ የቀረበ ሆኖ ሳየው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ማቅናቱ ቀላል ነበር። ፋየርፎክስ 60 ድርጅቶች ብራውዘሩን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩበት የፖሊሲ ሥርዓት ይዞ ስለ መጣ፣ በዊንዶውስ ማከማቻ ውስጥ ያሉትን የተጨመሩ ሩት ሰርተፊኬቶች እንዲያምን በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል። በሙከራ ኮምፒውተር ላይ አደረግኩት፤ ገጾቹም ተከፈቱ። ነገር ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይህ አሮጌ ሶፍትዌር መሀል ላይ ገብቶ የሚያደርገው ምርመራ ከብራውዘሩ ይሻላል ወይ የሚል። ለዚህ ሆነ ተብለው የተበላሹ ሰርተፊኬቶችን የሚያቀርበውን፣ ባድ ኤስ ኤስ ኤል የተባለውን የመሞከሪያ ድረ ገጽ ተጠቀምኩ። የሶፍትዌሩ ማጣሪያ ጠፍቶ ሳለ ጊዜው ያለፈበትን ሰርተፊኬት የያዘውን ገጽ ስከፍት ፋየርፎክስ ወዲያው አስጠነቀቀ። ማጣሪያውን መልሼ ሳበራው ያው ገጽ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ የቁልፍ ምልክቱ አረንጓዴ ሆኖ ተከፈተ። ሶፍትዌሩ የበሰበሰውን ሰርተፊኬት ሳያጣራ ተቀብሎ በራሱ ጤነኛ ሰርተፊኬት ሸፍኖ አቀረበው ማለት ነው። ብራውዘሩ የሚያየው የሶፍትዌሩን ሰርተፊኬት ብቻ ስለሆነ ሊያስጠነቅቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ያለው ጣልቃ ገብነት የግንኙነቶችን ደህንነት በአብዛኛው እንደሚያሳንስ በ2017 የቀረበ ሰፊ ጥናት አሳይቶ ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን ውሳኔው ቀለለኝ። ፖሊሲውን ሰርዤ የተመሰጠሩ ግንኙነቶችን መመርመሪያውን ከሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አጠፋሁት። ፋይሎች ወደ ዲስክ ሲወርዱና ሲከፈቱ የሚደረገው ምርመራ እንዳለ ቀጠለ።

የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ኤክስቴንሽን አዲስ ስሪት ነበረው፤ የሚሠራው ግን ከዋናው ፕሮግራም አዲስ ስሪት ጋር ብቻ ነበር። ይህ የደህንነት ሶፍትዌሩን በሙሉ ወደ ማደስ አመራኝ። በአሮጌው ላይ አዲሱን ከመደረብ ይልቅ መጀመሪያ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ወደ ፋይል አወጣሁ (ፋይሉ ያልተመሰጠረ ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ መጥፋት አለበት)፤ ከዚያ አሮጌውን በዊንዶውስ መደበኛ ማራገፊያ አነሳሁ፤ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ የቀሩትን ድራይቨሮች (በዊንዶውስ ውስጥ ጠልቀው የሚሠሩ ክፍሎች) በአምራቹ የማጽጃ መሣሪያ ጠረግኩ፤ እንደገና አስነሥቼ አዲሱን ጫንኩ። በዊንዶውስ 10 ላይ ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲወገድ የዊንዶውስ የራሱ ተከላካይ ሥራውን ስለሚረከብ፣ በመሀሉ ኮምፒውተሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል የሚለው ስጋት እምብዛም አያሳስብም። የቀሩ ድራይቨሮችን ሳያጸዱ መጫን ግን በኋላ ምክንያታቸው የማይገኝ መንቀራፈፎችን ያመጣል።

የፊርማው አገልግሎት በጃቫ አፕሌት (በብራውዘር ውስጥ በፕለጊን በኩል በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) የተሠራ ስለ ነበር ከፕለጊኑ ሥርዓት ጋር አብሮ ሞቷል። አገልግሎት ሰጪው ምትክ እስኪያዘጋጅ ድረስ አሮጌውን ብራውዘር በአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዚያ አገልግሎት አድራሻ በስተቀር ወደ የትም እንዳይደርስ በፋየርዎል ዘጋሁበት። ውበት የለውም፤ ግን ሠራ።

ክሮም የሚጠቀሙት ጥቂት ሰዎች በዚህ ሁሉ አልተነኩም ነበር፤ ሆኖም ለእነሱም ሌላ በር እየተዘጋ ነበር። ብዙ የደህንነት ሶፍትዌሮች የራሳቸውን ዲኤልኤል ፋይል (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ኮድ የያዘ ፋይል) በሥራ ላይ ባለው ብራውዘር ውስጥ ያስገባሉ። ጉግል እንዲህ ያለ ኮድ የሚገባባቸው ክሮሞች 15 በመቶ ይበልጥ ሊበላሹ እንደሚችሉ በ2017 ገልጾ፣ ደረጃ በደረጃ እንደሚያግደው አሳወቀ። በኦክቶበር 2019 ክሮም 78 ሲወጣ ደግሞ የሲማንቴክ ኢንድፖይንት ፕሮቴክሽን የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር አሮጌ ስሪቶች ባሉባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ገጾች ሁሉ፣ የብራውዘሩ ማስተካከያ ገጽ ጭምር፣ ሳይከፈቱ ይበላሹ ነበር። ምክንያቱ የውጭ ኮድ እንዳይገባ የሚከለክለው አዲሱ የክሮም መከላከያ ነበር፤ ብዙዎች እሱን በትእዛዝ አጥፍተው አለፉት። እንዲህ ያለው መፍትሔ የሚያበቃበት ቀን አብሮት ካልተጻፈ ለዘለቄታው ይቀራልና እኔ አልወደውም። በክሮም ውስጥ የትኛው ዲኤልኤል እንደ ገባ ለማየት ኮንፍሊክትስ የተባለው የውስጥ ገጽ አለ። ፋየርፎክስም ከስሪት 110 ጀምሮ ሰርድ ፓርቲ በተባለው ገጹ ላይ የገባውን ማየት ብቻ ሳይሆን ማገድም ያስችላል። ከብራውዘር እድሳት በፊት እነዚህን ገጾች መመልከት አሁን ልማዴ ነው።

ሌላው የተለወጠው የጊዜ አጠቃቀሜ ነው። አዲሱ የተራዘመ ድጋፍ ስሪት ከወጣ በኋላ አሮጌው ወዲያው አይቋረጥም፤ 60 የወጣው በሜይ 2018 ሲሆን 52 እስከ ሴፕቴምበር ድረስ መጠገኛ ያገኝ ነበር። እነዚያ ወራት የሚሰጡት ለሙከራ ነው። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ከነሙሉ የደህንነት ሶፍትዌሩ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ ከተሻገረም በኋላ በነባሩም፣ በባዶ አዲስ ፕሮፋይልም ይሞከራል። በነባሩ ብቻ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ የሰርተፊኬቱ ችግር ፈጽሞ አይታይም ነበር።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የቀረኝ ሥራ ሠራተኞች በችግሩ ሰሞን የሰጧቸውን ፈቃዶች ማንሳት ነበር። ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያው ሲመጣባቸው ለገጹ ልዩ ፈቃድ የሚሰጠውን አዝራር ተጭነው አልፈዋል፤ ፋየርፎክስም እነዚህን ፈቃዶች በፕሮፋይሉ ውስጥ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባቸዋል። ብራውዘሩ ተዘግቶ ሳለ ያንን ፋይል ከየፕሮፋይሉ ሰረዝኩት፤ በማግስቱ ከተከፈቱት ገጾች ማስጠንቀቂያ ያመጣ አንድ ብቻ ነበር፤ የውስጥ ማተሚያ ማሽናችን ማስተዳደሪያ ገጽ፣ ሰርተፊኬቱ እውነትም ጊዜው ያለፈበት።