እንደ ጥንቷ ሮም የተደገሰ ሠርግ

ዛሬ እዚሁ ሮም የጓደኛዬ ሠርግ ነበር፤ የጥንት ሮማውያንን ወግ ተከትለው ነው የተጋቡት፣ በጣም ደስ አለኝ! ሜይ ለሠርግ ክፉ ወር ነው ይባል ስለነበር ቀኑን ወደ ጁን ገፉት። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ፣ እሳት የመሰለ ቢጫ ሻሽ ተከናንባለች። የሱፍ መቀነቷ ቋጠሮ በተረቱ ጀግና በሄርኩለስ ስም የሚጠራው ነው፣ የሚፈታውም ባሏ ብቻ።

ልቤን የነካው ግን ቀኝ እጃቸውን ያጨባበጠችው ሴት ናት። በጥንቱ ልማድ ይሄ ኃላፊነት የሚሰጠው አንድ ባል ብቻ ላገባች ሴት ስለሆነ የሙሽራዋን አክስት መረጡ፣ እሷም እጃቸውን እንደያዘች አለቀሰች፣ እኛም አብረን። የስንዴ ኬኩም ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሠርግ ያሰባችሁ ዋልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው ለውዝ መሰል ፍሬ) ለልጆች መበተኑን እንዳትተዉት፤ ልጆቹ ሲሻሙ ሠርጉ ደመቀ!