ስለ ወገቤ ልጽፍ ተቀምጬ

ዛሬ ሆድ ብሶኝ ዋልኩ። ይህ ነው ብዬ የምጠቁመው ምክንያት የለኝም። ሐምሌ ነው፤ ኮየ ፈጬ ከማለዳ ጀምሮ ጉም ለብሳለች፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ የውኃ ተራችንም ገና አልደረሰም። ከሰዓት በኋላ ሻማ ልገዛ ስወርድ ከሕንጻው ሥር ጎመን የሚሸጡት እናት «ልጄ፣ ወገብሽን ተሻለሽ?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍኩ። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለም። የደረጃውን ብረት ተደግፌ ስወጣ ግን ለራሴ እውነቱን መመለስ አቃተኝ። ሕመሙ አልጠፋልኝም። ሆኖም ሂፕኖቴራፒ የሚሉትን፣ በድምፅ እየተመሩ በተመስጦ ሕመምን የማቅለያ ዘዴ፣ ከያዝኩ ወዲህ ሌሊቱን ገፋ አድርጌ መተኛት ጀምሬያለሁ፤ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍም አላቃስትም። ይህን ምን ልበለው?

የወገቤን ሕመም ታሪክ ከዚህ በፊት ጽፌላችኋለሁ። መርፌውን፣ ጨጓራዬን ያቃጠለውን ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ፣ ወጌሻውን፣ ዋግምቱን፣ ፊዚዮቴራፒውን፣ ወደዚያው ስመላለስ በኮረኮንቹ መንገድ እየተንገጫገጭኩ የባሰብኝን ሁሉ ነግሬአችኋለሁ። ኤም አር አይ የተነሣሁ ጊዜ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «ምንም የለብሽም፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» አለኝ። ደስ አላለኝም። የዲስክ መንሸራተት ቢያገኝብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ለሰው የምናገረው ስም ይኖረው ነበር።

ሂፕኖቴራፒን ያመጣችልኝ ቤልጅየም ያለችው እህቴ ናት። ነርስ ናት፤ በሥራዋ ምክንያትም ሥልጠናውን ወስዳለች። በመጀመሪያ ስትነግረኝ ዝም አልኳት። እኔ የማውቀው መድረክ ላይ ሰውን አፍዝዞ የሚያዘውን ሰውዬ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ አልፈልግም። እሷ ግን እዚያው ቤልጅየም ያለውን የሊዬዥን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አነሣችልኝ። እዚያ ማሪ ኤሊዛቤት ፌሞንቪል የምትባል የማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ይህንኑ ዘዴ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አስገብታለች። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሳይቀር ሙሉ ማደንዘዣ ሳይሰጥ፣ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ፣ በጥቂት ማረጋጊያ መድኃኒትና ሂፕኖሲስ በሚባለው በዚሁ ተመስጦ ይሠራል። አንገቱ እየተከፈተ ሰው ነቅቶ ይተኛል! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አንገቴን ስዳብስ ቆየሁ።

የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አልጀመርኩትም። ነገሩን በዝርዝር አስረዳኋቸው። «ልብሽን የማይነጥቅ፣ ሕመምሽን የሚያቀልል ከሆነ ምን ክፋት አለው? ከጸሎትሽ ብቻ አትቅሪ» አሉኝ። ጸበሉንም አልተውኩም።

እህቴ በራሷ ድምፅ ቀድታ ላከችልኝ። አልጋ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ፤ ከጉልበቴ ሥር ትራስ አስገባለሁ፤ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጣለሁ። ኮርኒሱ ላይ አንድ ነጥብ መርጬ እንዳይ ታዝዘኛለች። ከላይ ቤት የፈሰሰ ውኃ የተወው ቡናማ ምልክት አለ፤ እሱን አያለሁ። ትንፋሼን ታስቆጥረኛለች። ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይከደናል። ከዚያ ቀኝ እጄን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንድከት ትነግረኛለች። የትኛው ውኃ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔ ግን ወዲያው ሰንዳፋ፣ ከልጅነት ቤታችን በታች ያለው ምንጭ ሄድኩ፤ የጥቅምት ማለዳ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ የተኛበት። ቅዝቃዜው ከጣቶቼ ጫፍ ይጀምራል፤ ጥፍሮቼን ይቆነጥጣል፤ ቀስ ብሎ እስከ አንጓዬ ይወጣና እጄ ይደነዝዛል። ያንን የደነዘዘ እጅ አንሥቼ በግራ በኩል፣ ከዳሌዬ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ላይ አሳርፈዋለሁ። ድንዛዜው ከእጄ ወደ ወገቤ ይሻገራል። እንቅልፍ አይደለም። ከታች የባጃጁን ጡሩምባ፣ ከጎን የልጆቹን ጫጫታ እሰማለሁ፤ ብፈልግ ተነሥቼ በር እከፍታለሁ። ብቻ አልፈልግም።

አንዳንድ ቀን ምንም አይሠራም። ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሆን እህቴ አስቀድማ ነግራኛለች፤ በቀላሉ የሚመሰጥ አለ፣ ፈጽሞ የማይሆንለት አለ፣ አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ነው። ሳይመረመሩ ሕመምን በዚህ መሸፈን አደገኛ መሆኑንም ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ተመርምሬ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

የሚገርመኝ ሲሠራ ነው። ሕመሙ ከቦታው አይነቃነቅም። የት እንዳለ በጣቴ ላሳያችሁ እችላለሁ። ግን አያስመርረኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፒየር ሬንቪል የተባለ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ያሳተመውን ጥናት ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ሰዎችን በሂፕኖሲስ አመሰጧቸውና እጃቸውን 47 ዲግሪ በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ አስነከሯቸው። ከዚያ ቃጠሎው የሚያስጨንቃቸው በጥቂቱ እንደሆነ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እጅግ እንደሆነ ነገሯቸው። ውኃው ያው ነው። ስሜቱን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ያን ያህል አልተለወጠም፤ ከጭንቀቱ ጋር የሚያያዘው ሌላው ክፍል ግን በተነገራቸው መጠን ከፍና ዝቅ አለ። ስለዚህ መታመምና መጨነቅ አንጎል ውስጥ በአንድ ቤት አይኖሩም። ይህን ባነበብኩ ማታ አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ ስለዚህ ያልጻፍኩላችሁ ፈርቼ ነው። በድምፅ የሚቀልል ሕመም መጀመሪያም አልነበረም የሚል ሰው አይጠፋም። «አላልንሽም? ከሐሳብ ነው!» ማለት የሚፈልጉትን በስም አውቃቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ፣ ፍራንዝ መስመር የተባለ ሐኪም ሰውን እፈውስበታለሁ የሚለውን «የእንስሳ መግነጢስ»፣ በገላ ውስጥ ይፈስሳል የተባለውንና የሂፕኖሲስ መነሻ የሆነውን የማይታይ ኃይል፣ የሚመረምር ኮሚሽን አቁሞ ነበር፤ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮዋዚዬ ነበሩበት። መግነጢሳዊ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ በሰዎቹ ላይ የታየው ከምናባቸው የመነጨ ነው ብለው ፈረዱ። ፈሳሹ አለመኖሩ እውነት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ዛሬም «ምናብ ነው» ሲባል ነገሩ ያለቀለት መምሰሉ ነው። ምናብ የሰው ገላ ላይ ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ጥያቄው ገና እዚያ ላይ ይጀምራል እንጂ ያበቃል?

ሕመም ከ3 ወር ሲያልፍ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። ያን ጊዜ አንዳንዴ ጉዳቱ ሽሮ የነርቭ ሥርዓቱ ብቻ ነቅቶ ይቀራል፤ ጅቡ ካለፈ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኽ ውሻ። የውሻው ጩኸት እውነተኛ ጩኸት ነው። ፊልም ላይ ጅብ ስላልታየ ጩኸቱን ማን ይክደኛል?

ይህን ሁሉ ልጽፍ አልነበረም። ማለት የፈለግኩት ስለ እጄ ነው። ሰሞኑን ያንን የደነዘዘ እጅ ወገቤ ላይ ሳሳርፍ እናቴ ትመጣብኛለች። ነፍሷን ይማርና እናቴም ወገቧን ታምም ነበር። መቀነቷን በኃይል ጠበቅ አድርጋ ታስር ነበር። ማንም ሲጠይቃት «ብርድ ነው» ትል ነበር። ሐኪም ፊት ቀርባ ስለ ወገቧ የተናገረች አይመስለኝም።

ሌሊት ትፈጭ ነበር። ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደፊት ገፋ ወደ ኋላ ሳብ እያደረገች። ዱቄቱ ክንዷ ላይ ያለውን ፀጉር ነጭ ያደርገዋል። ለታመመ ወገብ ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። እሷ ግን እየፈጨች ታንጎራጉር ነበር፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከመጁ ጋር እየተመለሰ በሚሄድ ዜማ። ፊቷ አይጨማደድም ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ስትነሣ ግን ግድግዳ ትይዛለች፤ «ወይኔ ወገቤ!» የሚለው ያን ጊዜ ይመጣል። አንዳችን መሐል ገብተን ስንጠራት ትቆጣን ነበር። «አታቋርጡኝ» ትለን ነበር። እኛ ሥራው እንዳይስተጓጎልባት ነበር የሚመስለን። እህቴ ቅጂውን ስትልክልኝ ከሁሉ አስቀድማ ያለችኝ ስልኩን ጸጥ አድርጊው፣ ማንም እንዳያቋርጥሽ ነው።

ታዲያ እናቴ ምን እያደረገች ነበር? እንጉርጉሮው ወገቧን ያስረሳት ነበር ወይስ የእህሉን ብዛት? አውቃ ነው ወይስ ከእናቷ የወረሰችው ልማድ ነው? ከግጥሙ አንድ ስንኝ እንኳ አላስታውስም፤ የድንጋዩ ድምፅ ይውጠው ነበር። መብራት እንደመጣ ለእህቴ ጻፍኩላት። እህትዓለም፣ አንቺ ታላቅ ነሽ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እህል ታቀርቢላት ነበር፤ ቃሉን ትሰሚው ነበር? ምን ትል ነበር? እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ የሌሊት ተረኛ ትሆናለች። እሷም ካላወቀች ሰንዳፋ ያለችው አክስቴ ናት የቀረችኝ፤ መንገዱን ወገቤ ከቻለው እሑድ እሄዳለሁ።