እናቴ የያዘችው ማኅደር

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚገኘው የእናቴ ቤት፣ ከእሷና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ቆየሁ። ሚኒሶታ ከገባሁ 12 ዓመት ሲሆነኝ አገሬ ስመለስ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ የፊተኞቹ ጉዞዎች አንዱ ለሠርግ፣ ሌላው ለለቅሶ ስለነበሩ ወንድሜን ሳልጠግበው ነበር የተመለስኩት። በዚህኛው ጉዞ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ 200 ገጽ ደብተር ነበር። እናቴ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሚኒሶታ የምሠራው ግሩፕ ሆም በሚባል ቤት ነው። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው አራት አዋቂዎች አብረው ይኖራሉ፤ እኛ በፈረቃ እየተተካካን ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ መውጣት መግባታቸውን እናግዛለን። ከማውቀው አበሻ ብዙው ወይ ይህን ሥራ ይሠራል፣ ወይ ሠርቶ ያውቃል። እያንዳንዱ ነዋሪ ወፍራም ማኅደር አለው። ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን የትኛው ድምፅ እንደሚያስጨንቀው፣ ሲያመው በምን እንደሚታወቅ፣ ሲከፋው ማን ቢጠጋው ማንስ ቢርቀው እንደሚሻል ተጽፎበታል። መጀመሪያ ሳየው የፈረንጅ ጥንቃቄ ነው ብዬ አድንቄ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ በአሜሪካ በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ሠራተኞች በዓመት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሥራውን ጥለው ይሄዳሉ። ሰው ስለማይቆይ ወረቀቱ ማስታወስ ነበረበት።

ኦቲዝም የሚለውን ቃልም የሰማሁት እዚያው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኟ ምልክቶቹን ስትዘረዝር በ27 ዓመቱ ባሕር ዳር ትቼው የመጣሁትን ወንድሜን የምታውቀው መሰለኝ። ሰፈራችን ለእሱ ሌላ ስም ነበረው፤ ዓይነ ጥላ ነው ይሉት ነበር። እናቴ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው በእግሯ ይዛው ዞራለች፤ በሕፃንነቱም እንግዳ ሲመጣ ከጓሮው ክፍል እንዲቆይ ይደረግ ነበር። ይህን የምጽፈው እሷን ለመውቀስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ላይም፣ አሳዳጊዎቹ የወሊድ ችግርንና የመንፈስ ልክፍትን ጎን ለጎን በምክንያትነት ጠቅሰዋል። ወንድሜን አንድ የአእምሮ ሐኪም በወጉ መርምሮ ኦቲዝም እንዳለው የነገረን በ33 ዓመቱ ነው። ስሙን ነገረን እንጂ የሚልክበት ቦታ አልነበረውም። በአሜሪካ ኖረው የተመለሱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ሌሎቹም አገልግሎቶች በአብዛኛው የተከማቹት እዚያው፣ ያውም ለልጆች ነው።

የሌሊት ፈረቃ ለንባብ ይመቻል፤ ነዋሪዎቹ ከተኙ በኋላ ስለ አዋቂዎች የተጻፈ ጥናት መፈለግ ጀመርኩ። ሊዮ ካነር ኦቲዝምን በዝርዝር የገለጹበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲወጣ ስለ 11 ሕፃናት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕፃናቱ ያደጉትን ያህል ጥናቱ አላደገም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በአገሩ ያሉትን ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ገምቶ 5.4 ሚሊዮን ያለው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ2007 እስከ 2011 ለኦቲዝም ምርምር ከወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሆነው ለሥነ ሕይወት፣ ለአንጎልና ለአስተሳሰብ ጥናት ሲውል፣ ለአገልግሎት ጥናት የደረሰው 5 በመቶ ብቻ ነበር። አንጎል ይጠና፤ አልቃወምም። ነገር ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለሚጮኽ የ40 ዓመት ሰው ምን ማድረግ እንዳለብኝ የምትነግረኝ ያቺ አምስቷ በመቶ ናት።

ካነበብኩት ሁሉ ያስደነገጠኝ የፓትሪሺያ ሃውሊንና የባልደረቦቿ የ2004 ጥናት ነው። በሕፃንነታቸው የታዩ 68 ሰዎች በአማካይ በ29 ዓመታቸው እንደገና ሲታዩ፣ ከግማሽ የሚበልጡት፣ ማለትም 58 በመቶው፣ ያሉበት ሁኔታ ደካማ ወይም እጅግ ደካማ ተብሎ ተመደበ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የቅርብ ወዳጅ ወይም ቋሚ ሥራ ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ከ3 እስከ 21 ዓመት ላለ ልጅ ትምህርትና ድጋፍ በመብትነት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ገደል ብለው ይጠሩታል። ከገደሉ ማዶ ያለው የቤትና የማኅበረሰብ ድጋፍ በተራ የሚገኝ ሲሆን፣ የተለያየ ጉዳት ኖሮባቸው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በመላ አገሪቱ ከ600 ሺህ በላይ ናቸው። «ለምን ወንድምሽን አትወስጂውም?» ለሚሉኝ ሁሉ ይህን እነግራቸዋለሁ። የወንድም ማመልከቻ ብቻውን ከ10 ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ ከዚያም ወንድሜ ከአንድ ወረፋ ወጥቶ ወደ ሌላ ወረፋ ይገባል፤ ያውም ጣናን አጥቶ።

በዚያው ሰሞን ግን ሌላ ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሜጋን ፋርሊና ባልደረቦቿ በዩታ ግዛት በልጅነታቸው ኦቲዝም እንዳላቸው የተነገራቸውን 41 አዋቂዎች ተከታትለው፣ ግማሽ ያህሉ በጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳሉ ጻፉ። በእርግጥ እነዚህ ሰዎች የማሰብ ችሎታቸው ከአማካይ እምብዛም የማይርቅ ስለነበሩ ከሃውሊን ሰዎች ጋር በቀጥታ አይነጻጸሩም። አጥኚዎቹ ግን አንድ ነገር አስተውለዋል፤ አብዛኞቹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ሲሆኑ፣ ጉባኤው አባላቱን የሚያቅፍና የሚያሳትፍ ነበር። ከካነር 11 ሕፃናት የመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመታቸው ያረፉት ዶናልድ ትሪፕሌትም፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ የሚሲሲፒ ከተማ ሁሉም እያወቃቸው ለአሥርት ዓመታት ባንክ ውስጥ ሠርተዋል፤ ጎልፍ ተጫውተዋል፤ ብቻቸውን አገር ዞረዋል። ባንኩ የእናታቸው ቤተሰብ እንደነበር መደበቅ አይገባም። እናቴ ባንክ የላትም፤ ያላት እድርና የጣና ዳር ጎረቤት ነው።

ወንድሜ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ደቂቃ ሳያጓድል፣ ከቤት ወጥቶ ታንኳዎቹና ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት የሐይቁ ዳር ይወርዳል። ሥራው መረብ መፍታት ነው። ሌሊት ውኃ ውስጥ ያደረ መረብ ከሣርና ከእሾህ ጋር ተጠላልፎ ሲመጣ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሩቡን ሳይፈቱ ይሰለቻሉ፤ እሱ ግን ጥላ ሥር ተቀምጦ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ደመወዙ አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ ሁለት ቀረሶ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ሲበዛ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ይቆያል። ቀጣሪም ውልም የለውም፤ ከ10 ዓመት በፊት አንድ የጀልባ ባለቤት የተጣለ መረብ ሲፈታ አይቶት «ነገም ና» አለው፣ እሱም መጣ። በአንጻሩ ድንጋይ የወረወሩበት ልጆችም የዚያው ሐይቅ ዳር ልጆች ናቸው፤ የግንባሩ ጠባሳ ከእነሱ የተረፈ ነው።

ከጾሙ እኩሌታ በፊት ወንድሜ ከቤት መውጣት አቆመ። እንጀራውን ይገፋል፤ መንጋጋውን በጡጫው ይመታል። እናቴ ተቆጥቷል አለች። እኔ ግን ከሥራዬ እንደማውቀው፣ መናገር የማይችል ሰው ጠባዩ ድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ሕመም ነውና ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድነው። የመጠበቂያው ክፍል ጩኸት ሲበዛበት መሬት ላይ ተኛ፤ አንዲት ሠራተኛ «ሲረጋጋ ሌላ ቀን አምጡት» አለችን። የሚረጋጋው ሕመሙ ሲሻለው መሆኑን ማን ያስረዳት? በመጨረሻ አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ከዛፉ ሥር አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ አፉን በስልኩ መብራት አየው። የመንጋጋ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ነበር።

ለብዙዎች ይህ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስዊድን ጥናት ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች ከሌላው ሰው በአማካይ 16 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። ሐኪሟ ክሪስቲና ኒኮላይዲስና ራሳቸው ኦቲዝም ያላቸው ተመራማሪ ዶራ ሬይሜከር እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የጀመሩት የጋራ ምርምር ካፈራቸው ነገሮች አንዱ፣ ታካሚው ለሐኪሙ የሚያቀርበው ማስታወሻ ነው፦ በምን እንደምግባባ፣ ምን እንደሚያስፈራኝ፣ ምርመራውን እንዴት ብታደርግልኝ እንደምችለው የሚል። ለወንድሜ ያ ማስታወሻ እናቴ ናት። እሷ ደግሞ 71 ዓመቷ ነው።

ደብተሩን ያመጣሁት ለዚህ እንደሆነ መጀመሪያ ስነግራት «ሳልሞት ተዝካሬን ልትጽፊ ነው?» ብላ ተቆጥታ፣ ሁለት ቀን ያህል በወጉ አላናገረችኝም ነበር። ከጥርሱ በኋላ ግን አንድ ቀን ቡና አፍልታ ተቀመጠችና «በይ ጻፊ» አለችኝ። «ሻዩን ስኳሩ ሳይማሰል ነው የሚጠጣ። ሸሚዙ አዲስ ከሆነ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚለብስ። ካህኑ ጸበል ሲረጩ ከፊት አታቁሙት፤ ከወደ ጎን ይቁም።» እስከ ማታ 14 ገጽ ሞላን።

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ወደ ጀልባው ባለቤት ወረድኩ። አንድ ሁለት ነገር ይጨምርልኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እናቴ የማታውቀውን ነገረኝ። ወንድሜ መረብ ሲፈታ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዜማው ከቀረ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። «ጥርሱን ሲያመውም ከአራት ቀን በፊት ቀርቶ ነበር፤ ለማን እንደምናገር አላወቅሁም እንጂ» አለኝ። እናቴ ስትሰማ ዝም ብላ ቆየች። በ38 ዓመት ውስጥ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሲያንጎራጉር ሰምታው አታውቅም ነበር። ሚኒሶታ ወረቀቱ አለ፣ ሰዉ ይሄዳል፤ እዚህ ሰዉ አለ፣ የሚያውቀውን ግን እርስ በርሱ አልተነጋገረም።

የመጨረሻው ጉዳይ እድሩ ነበር። እናቴ ከ30 ዓመት በላይ የከፈለችበት እድር ነው። «እድሩ እኔን ይቀብረኛል፤ እሱን ማን ያኖረዋል?» ስትል ለዳኛው አቀረበች። በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ እድር ለሞተ እንጂ ለቆመ ሰው አልተሠራም ብለው ተቃወሙ፤ ሌላው ደግሞ የታመመ አባል መጠየቅ በመተዳደሪያ ደንቡ እንዳለ አስታወሷቸው። ብዙ ተከራክረው ወንድሜ በራሱ ስም እንዲመዘገብና መዋጮውን እኔ እንድልክ ተስማሙ። ከእናቴ በኋላ በየሳምንቱ ቤቱን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ይሰየሙ የሚለውን ሐሳብ ግን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ አድሯል። ከሦስቱ አንዱ ለመሆን የጀልባው ባለቤት ፈቅዷል፤ እሱ ግን የሚኖረው አባይ ማዶ ስለሆነ የሌላ እድር አባል ነው፤ ይህም ለብቻው ክርክር አስነሥቷል።

የደብተሩ አንድ ቅጂ የጀልባው ባለቤት ዘንድ፣ አንዱ እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ እናቴ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ «ገጽ 9 ላይ ዶሮ ወጥ ይወዳል ብለሻል» አለችኝ። «ይወዳል፤ ግን እንቁላሉ ከወጡ ጋር ከቀረበለት አይበላም። ለብቻው በሌላ ሳህን ነው። ያን አስተካክይው፤ ለጀልባው ባለቤትም እነግረዋለሁ።»