ሽጉጥ ይዞ መብረር

ዛሬ የዒላማ ውድድር ሽጉጤን ሻንጣ ውስጥ አስጭኜ በረርኩ። አየር መንገዱን አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ፤ መሣሪያው ጥይት አልባ ሆኖ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኔው ኪስ ነው። ሻንጣ ተቀባይዋን ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሽጉጥ አስመዘግባለሁ» አልኳት። እሷ ቅንጣት አልደነገጠችም፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ግን ትንሽ ሸሸት አሉ (አልፈርድባቸውም!)። ጥይቱ ላይ ነው ጥብቅ የሆኑት። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ ለአንድ መንገደኛ ከነማሸጊያው ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ የሁለት ሰው ድርሻ አንድ ላይ ማሸግም ክልክል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ባሩድ ነውና። ስደርስ ሣጥኔ ከሌሎች ሻንጣዎች ጋር አልመጣም፤ መታወቂያዬንና ፈቃዴን አመሳክረው በእጅ አስረከቡኝ። ጠበቅሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ማንም አንስቶት ቢሄድስ?