ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት 23 ዕቃዎች

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ፊቴ ተነሳብኝ። ጠዋት ውሃ ሲነካው ያቃጥለኛል። ምድጃ አጠገብ ከቆምኩ ጉንጬ በርበሬ ይመስላል። ማታ የትራሱ ጨርቅ እንኳን ይሻክረኛል።

ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ገደማ «ፊት የሚያጠራ» የተባለ ክሬም ስቀባ ነበር። ማድያት ነበረብኝ። ክሬሙ በሁለት ሳምንት አጠፋልኝ። መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው? ጠራሽ እኮ!» ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰሞን ክሬሙ ከገበያ ጠፋና ሳልቀባ ሰነበትኩ። ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቱቦውን ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። አገላብጣ አየችው። ከስሙና ከአበባ ሥዕል በቀር ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ፊቴን አይታ ስቴሮይድ ሳይኖርበት እንደማይቀር ነገረችኝ። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሐኪም ለኤግዚማና ለመሳሰለው ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። እንደ ሎሽን ለወራት ሲቀቡት ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል። ሲተዉት ደግሞ ፊት እንደኔ ይቆጣል። በእንዲህ ዓይነት ክሬሞች ውስጥ ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካልም ይገኛል፤ አንዳንዴም ሜርኩሪ፣ በእኛ ቋንቋ ባዜቃ የሚባለው። ባዜቃ በቆዳ ሰርጎ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ያለባቸውን የማቅያ ክሬሞች ከሚከለክላቸው ዕቃዎች ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሚናማታ የጃፓን ከተማ ናት፤ ብዙ ሕዝቧ በባዜቃ የተመረዘባት። ይህን ሳነብ እጄን ታጥቤ ተመለስኩ።

ያን ቀን ማታ የሜካፕ ቦርሳዬን አልጋ ላይ ገለበጥኩት። ቆጠርኩ። 23 ዕቃ። ሁሉንም ጥዬ ከነገ ጀምሮ የተፈጥሮ ነገር ብቻ ልጠቀም ወሰንኩ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ከክሬሙ ለመገላገል የሐኪሟን ትእዛዝ መከተል ነበረብኝ፤ እሱን ቀስ በቀስ ነው ያስጣለችኝ። ሌላውን ሁሉ ግን በራሴ ጊዜ በአንድ ሌሊት ቀየርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ማርና ሎሚ ቀላቅዬ ፊቴን ለቀለቅኩ። ታጠብኩና ወደ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር ውጭ ተቀመጥኩ፤ ፀሐዩ በግራ በኩል ነበር። ማታ ግራ ጉንጬ ለበለበኝ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ያቋጠሩ ትናንሽ ነጠብጣቦች ወጡ። በሳምንቱ ደግሞ የሎሚው ውሃ በወረደበት መስመር ልክ፣ ከጉንጬ እስከ አገጬ፣ ቡናማ ጅራት ቀረ። ሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። ያ ጅራት እስኪጠፋ አምስት ወር ፈጀ።

እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ አካሄዴን ለወጥኩ፤ ወደ ጎን ያደረግኳቸውንም ዕቃዎች መልሼ አወጣኋቸው። አንድ ዕቃ ሲያልቅ ብቻ አንድ እተካለሁ። አዲሱን ቢያንስ አንድ ወር ብቻውን አየዋለሁ፣ ምክንያቱም የፊት ቆዳ ለመታደስ አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ፊቴ ከመንካቱ በፊት ክንዴ ውስጠኛው በኩል፣ ክርኔ አጠገብ፣ ሁለት ቀን እቀባዋለሁ። በደብተርም እጽፋለሁ። ይህ ደብተር ከገዛሁት ቅባት ሁሉ በልጦ ጠቅሞኛል። ብጉር ሲወጣብኝ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርኩ ግን ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

ቀድሞ ያለቀው የሰውነት ሎሽኔ ነበር። እሱን በሺአ ቅቤ ተካሁት። የሺአ ዛፍ ጋምቤላ ውስጥ ይበቅላል። የዚያ ዓይነቱ ቅቤ ከምዕራብ አፍሪካው ለስለስ ይላል፣ በእጅ ሙቀት ወዲያው ይቀልጣል። ገላዬን ታጥቤ ቆዳዬ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ እያለ፣ የአተር ፍሬ የምታክል በመዳፌ አሽቼ እቀባለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እግሬ ይሰነጠቅ ነበር። አሁን ቀርቷል። ለፀጉሬ ደግሞ ለጋ ቅቤ የሚያህል የለም፤ እሱ የቅዳሜ ነው፣ ምክንያቱም ሥራ ቦታ ሽታውን የማይችል ሰው አለ። ኑግ ዘይትም ሞክሬያለሁ። ለክርንና ለተረከዝ ግሩም ነው። ለፊት ግን ወጥ ቤት ያለውን ዘይት አልመክርም፤ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ አይታወቅም።

ሳሙና ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። በእጅ የተሠራ «ተፈጥሯዊ» ሳሙና ገዝቼ ፊቴ ከበሮ ሆነ። ለካ እውነተኛ ሳሙና የትኛውም ቢሆን፣ ከወይራ ዘይትም ይሠራ ከጥቁር አዝሙድ፣ አልካላይን ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል። የፊት ቆዳ ደግሞ ወደ 5 የተጠጋ ነው፣ ትንሽ አሲድነት ይወዳል። ስለዚህ ጠዋት በውሃ ብቻ እታጠባለሁ። ማታ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ለስላሳ የፊት ማጠቢያ እጠቀማለሁ። እሱ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ተስማምቶኛል፣ አልቀየርኩትም።

እሬት ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። ግቢያችን ውስጥ በጣሳ ተክለነዋል። ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጬ ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቢጫ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ያ መራራው ነው፣ ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያፈስ ይቀባና «እሬት አይስማማኝም» ይላል። ፈሳሹ ካለቀ በኋላ አጥቤ፣ ልጣጩን ገፍፌ፣ ውስጥ ያለውን እንደ ብርጭቆ የጠራ ክፍል ብቻ እወስዳለሁ። ፊቴ በነደደበት ሰሞን ያንን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዤ ሳስቀምጠው የሚሰጠኝን እፎይታ አልረሳውም።

አንድ ጊዜ ግን በብዛት ፈጭቼ በጠርሙስ አስቀመጥኩ። በአስረኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የጠላ ሽታ ሸተተኝ፣ ላዩ ላይም ስስ ሽፋን ሠርቷል። ውሃ ያለበት ነገር ማቆያ ከሌለው ባክቴሪያና ሻጋታ ያፈራል። ማቆያ የሚባለውን ነገር እንደ መርዝ እፈራው ነበር፤ ከዚያ ጠርሙስ በኋላ ግን ለምን እንደሚጨመር ገባኝ። አሁን እሬት ለአንድ ቀን የሚበቃኝን ብቻ እቆርጣለሁ። ውሃ የሌለበት ዘይትና ቅቤ ከብርሃን ከተጠበቀ ወራት ይቆያል።

ማድያቱ ተመልሶ መጣ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ክሬሙ ሸፍኖት ነበር እንጂ አላዳነውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) ጉልበት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳን ይመስለናል። በኮኮናት ዘይት ፀሐይ እከላከላለሁ ብዬ አንድ ወር ደክሜያለሁ፣ አይሆንም። በመጨረሻ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ገዛሁ። ዚንክ ማዕድን ነው፤ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ጨረሩን ያግዳል። የመጀመሪያው ጠይም ፊቴን አመድ አስመሰለው። ሁለተኛው አይረን ኦክሳይድ፣ የብረት ዝገት ቀለም ማለት ነው፣ የተቀላቀለበት ነበር። እሱ መልኬን መሰለ። ማድያትን የሚያብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ ይህ ቀለም ለጠይም ሰው ድርብ ጥቅም አለው። ፋውንዴሽኔ ሲያልቅ ሌላ አልገዛሁም፣ እሱው በቃኝ። ዣንጥላም እይዛለሁ።

ሜካፕ ላይ ቶሎ ልለፍ። ማስካራዬን አልቀየርኩም። ተፈጥሯዊ የተባለውን ሰኔ ላይ ሞክሬው ከታክሲ ስወርድ ዝናቡ ጉንጬ ላይ አወረደው። ሊፒስቲክ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። የገዛሁት «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ቀይ ሊፒስቲክ ቀለሙ ካርሚን ነበር። ካርሚን ከቁልቋል በለስ ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት ተፈጭቶ የሚወጣ ቀለም ነው። ደቡብ ትግራይ ውስጥ የገበሬውን በለስ ያጠፋው ያው ነፍሳት ነው። ተፈጥሯዊነቱ እውነት ነው። ግን ጾም ላይ ከንፈሬ ላይ ማድረግ ከበደኝ። አሁን ጀርባውን ሳላነብ ሊፒስቲክ አልገዛም።

ከሁሉ የከበደኝ ኩል ነው። አክስቴ የምትኳልበት ቀንድ ከእናቷ የወረሰችው ነው። የኩል ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው፣ የእርሳስ ማዕድን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እርሳስም ከመሬት የሚወጣ፣ ማንም ያልቀመመው ተፈጥሮ ነው።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ስትዳር ጎጃም ወረድን። ከሠርጉ በፊት በነበረው ምሽት ሴቶቹ እንሶስላ ይወቅጡ ነበር። ሥሩ ሲላጥ ነጣ ያለ ነው፣ ሲወቀጥ እየቀላ ይሄዳል። የሙሽራዋን እጅና እግር ቀባንና በጨርቅ ጠቀለልነው። እኔንም ቀቡኝ። አክስቴ ያን ጊዜ ቀንዱን አወጣች። ሙሽራዋን ኳለቻት። ቀጥላ የስምንት ወር የልጅ ልጇን ታቅፋ መኳያውን አነሳች።

«እቴቴ፣ እሱን ተይልኝ» አልኳት። ስለ እርሳሱ የማውቀውን ነገርኳት።

«እኛ ሁላችን ተኩለን አይደል ያደግነው?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፣ አዝና ነው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቀንዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሳጥኗ ውስጥ መለሰችው። «እንግዲያው ለእሷ እንሶስላ አድርጊላት» አለችና ልጅቷን ሰጠችኝ።

ከክንዷ ውስጠኛው በኩል አንዲት ነጥብ ብቻ ነካሁላትና ጠዋት እስኪነጋ ጠበቅኩ። ጠዋት የእኛን ጨርቅ ስንፈታ የሙሽራዋ መዳፍ እንደ ጡብ ቀልቷል። የልጅቷ ነጥብ ደግሞ ደብዝዛ ብርቱካን ሆናለች፣ ዙሪያዋ ምንም አልተቆጣም። አክስቴ የተጠቀለለ ትንሽ ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።