ባለ አንድ ድንጋይ ባትሪ ወደ ሶፍ ዑመር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ ስንደርስ ግቢው ገና ጨለማ ነበር። ረዳቶች «አሰላ! ዶዶላ! ሮቤ!» እያሉ ይጣራሉ፣ ተሳፋሪው ሻንጣውን ታቅፎ በአውቶቡሶች መካከል ይተራመሳል፣ የስልክ መብራት እዚህም እዚያም ዓይን ይወጋል። ከጃኬቴ የውስጥ ኪስ ትንሿን የእጅ ባትሪዬን አውጥቼ በዝቅተኛው ብርሃኗ የወንበር ቁጥሬን አነበብኩ። አጠገቤ የቆሙ፣ ነጠላ የተከናነቡ እናት «ልጄ፣ የእኔንም እስቲ እይልኝ» ብለው ትኬታቸውን ዘረጉልኝ። 14 ቁጥር ናቸው። ብርሃኗ ከወረቀቱ አልፎ የማንንም ፊት አልነካም። ባትሪ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንኑ ነው፤ እስከ ምን ድረስ ዝቅ ብላ ማብራት እንደምትችል።

ጉዞው ወደ ባሌ ነው፤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት። የባትሪው ፍለጋ ግን ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ደረጃው ድቅድቅ ይላል፤ እኔም በስልኬ እያበራሁ እወጣና እወርድ ነበር። አንድ ምሽት ጎረቤቴ እማማ በድንገት ታመው በደረጃው ስናወርዳቸው ስልኬ ሲያበራ ቆየ፤ ታች ደርሰን መኪና ልጠራ ስል ቻርጁ አልቆ እጄ ላይ ጠፋ። ሌላ ሰው ደወለልን፣ እማማም ተረፉ። እኔ ግን ያን ምሽት አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ መብራቴንና ስልኬን ለይቻለሁ፤ ባትሪ እንደ ቤት ቁልፍና እንደ መታወቂያ ሳልይዝ የማልወጣው ዕቃ ሆኗል።

መጀመሪያ መርካቶ ወርጄ የገዛሁት «ታክቲካል» የሚባለውን ዓይነት ነበር። ስያሜው ከወታደርና ከፖሊስ የመጣ ነው፤ ማብሪያው ከኋላ የሆነ፣ ግንባሩ ጥርስ ያወጣ፣ ሰው ለማደናገር ብልጭ ድርግም የሚል። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ኑሮ የሚረባው የኋላ ማብሪያው ብቻ ነው። በጨለማ ባትሪውን ስትጨብጥ አውራ ጣትህ ሳትፈልገው ያርፍበታል። ጥርሱ ኪስ ይቀዳድዳል፤ ብልጭ ድርግም ማለቱ ደግሞ ካልፈለግኸው ሰዓት እየመጣ ያስቸግራል።

ካርቶኑ ላይ 10,000 ሉመን ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ውስጡ ያለው የሚሞላ ድንጋይ ላይ ደግሞ የሚይዘው ኤሌክትሪክ 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህ ድንጋይ በተለምዶ 18650 ይባላል፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩት ደህና ደህናዎቹ የሚይዙት 3,500 አካባቢ ነውና 9,900 የሚለውን ሳይ ተጠራጠርኩ። ድንጋዩን ይዤ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥነው። እውነተኛው 18650 አብዛኛውን ጊዜ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። የእኔው 29 ግራም ሆነ። ወዳጄ አንስቶ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፣ ደግሞ መዘነው፣ ከዚያ «ይኼ ውስጡ ጎዶሎ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ባትሪ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቢችል ድንጋዩን ያስመዝን እላለሁ። ጽሑፍ እንደፈለጉ ይታተማል፤ ክብደትን መዋሸት ግን ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን በደንብ ማንበብ ተማርኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ኤፍኤል1 የሚባል የመለኪያ ደረጃ አለ። ይህንን የሚከተል አምራች ሉመኑን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዋ ብልጭታ አትቆጠርም። «ይህን ያህል ሰዓት ይበራል» ሲል ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛው እስኪወርድ ማለቱ ነው። «100 ሜትር ይደርሳል» ሲል ደግሞ እዚያ ርቀት ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ አርቆ ለማየት አራት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል ማለት ነው፤ ለዚህም ነው በሉመን ቁጥር መፎካከር ኪስ ውስጥ ለምትያዝ ባትሪ ብዙ የማይፈይደው።

በመጨረሻ የመረጥኳት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ አንድ ብቻ የምትጎርስ፣ ከአመልካች ጣቴ እምብዛም የማትረዝም ባትሪ ናት። እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ከፍተኛው ብርሃኗ 150 ሉመን፣ ዝቅተኛው አንድ ሉመን ነው። የኋላ ክዳኗን ሩብ ዙር ካላላኋት ኪሴ ውስጥ በስህተት አትበራም። ባልደረባዬ አልተስማማም። «ዋሻ እኮ ነው የምንገባው!» ብሎ ያንን የእኔን ትልቁን ባትሪ ተዋሰ፤ ድንጋዩን ግን በደህና ቀይሮለታል።

አሰላ ቁርስ በላን። በበቆጂ በኩል የገብስ ማሳው ታጭዶ ወርቅማ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ወሩ ጥር ነው። ዶዶላንና አዳባን አልፈን አመሻሹ ላይ ዲንሾ ወረድንና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ባለበት ግቢ አደርን። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ድንጋይም እንደ ሰው ብርድ አይወድም፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪዬን ከሸሚዜ ኪስ፣ ከደረቴ ሙቀት አላወጣኋትም።

ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ከጥዱ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቆምኩ። በእጄ የነበረው ብርሃን እግሬ ሥር ያለውን ሣር ብቻ ነው የሚያሳየኝ። አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ ወደ መካከለኛው ከፍ ባደርገው አራት፣ ከዚያ ስድስት ዓይኖች አረንጓዴ ሆነው በሩልኝ። ደጋ አጋዘን ናቸው። አንዷ ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ማመንዠኳን አቆመች፤ በጎኗ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታዩኛል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኝ እንስሳ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ወዲያው ብርሃኑን ወደ መሬት መለስኩት። በዚያ ጨለማ የለመደ ዓይን ላይ 10,000 ቀርቶ 1,000 ሉመን መልቀቅ ግፍ ነው። ደግሞ የእኔም ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የፈጀበት ነው፤ አንድ ኃይለኛ ብልጭታ ያን ሁሉ በቅጽበት ያጠፋዋል። አጋዘኖቹ ትንሽ ቆይተው መጋጣቸውን ቀጠሉ፤ እኔም በዚያችው በአንድ ሉመን መንገዴን ሄድኩ።

በማግስቱ ከሮቤ ወደ ጎሮ፣ ከጎሮ ወደ ሶፍ ዑመር ወረድን። ከሮቤ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጋው ጋቢውን እያወለቀ ቆላ ይሆናል፤ ግራርና ቀይ አፈር ይመጣል። ዌይብ ወንዝ ከእኛው ከባሌ ተራሮች ተነስቶ እዚህ ደርሶ የኖራ ድንጋዩን ኮረብታ ሰርስሮ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። እየዞረ የፈለፈለው የዋሻ መንገድ ተለክቶ 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። ስሙ ዋሻውን መሸሸጊያና መጸለያ አድርገውታል ከሚባሉት ከሼህ ሶፍ ዑመር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አለማለፉ ያሳዝነኛል። ይህን የመሰለ ቦታ ይዘን ስንቶቻችን አይተነዋል?

አስጎብኚያችን የመንደሩ ሰው፣ ፂማቸው የሸበተ፣ በላስቲክ ጫማ ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል የሚሄዱ አባት ናቸው። «ኦቦ፣ ሩቅ ነው?» ስላቸው «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፤ በዝግታ፣ በዝግታ። ከአፉ ገብተን ሁለት ጊዜ እንደታጠፍን የቀኑ ብርሃን ከጀርባችን ተቆረጠ።

ባልደረባዬ ትልቁን ባትሪ ለቀቀው። ለአንድ አፍታ ሁላችንም «ወይ ጉድ!» አልን። ዓምዶቹ ከታች እስከ ላይ ታዩ፤ 20 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው፣ ውሃ ጠርቦ ያቆማቸው፣ ሰው ያነጻቸው የሚመስሉ። ነገር ግን የዋሻው ድንጋይ ነጣ ያለ ነውና ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችንን ወጋን፤ ከጣሪያው የሌሊት ወፎች በጅምላ ተነሱ። አባት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ታች እንዲያደርገው አመለከቱት። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባትሪው በእጅ የማይያዝ ሆነ፣ ብርሃኑም ወደ ቢጫ ሳይለወጥ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ አለ። የባትሪው ድንጋይ አላለቀም። ብርሃን የሚሰጠው ትንሹ አምፖል፣ ኤልኢዲው፣ ሲግል እንዳይቃጠል ባትሪው ራሱ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ትንሽ ገላ ያን ያህል ሙቀት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። የካርቶኑ ላይ ቁጥር እውነት ቢሆን እንኳ ዕድሜው ይህችው ነበረች።

ወንዙን ስንሻገር ውሃው ጉልበቴን አለፈ። ሁለቱ እጆቼ የዋሻውን ድንጋይ ለመያዝ ስለሚያስፈልጉ ባትሪዬን በጥርሴ ያዝኳት፤ ቀጭንና ቀላል በመሆኗ አልከበደችኝም። በሦስተኛው መሻገሪያ ላይ የረጠበ ድንጋይ አዳለጠኝና አፌን ስከፍት ወደ ውሃው ገባች። አልጠፋችም። ከወንዙ ወለል ላይ ሆና ወደ ላይ እያበራች ነበር፤ የውሃው ቀለም በአንዴ አረንጓዴ ሆነ፣ በጨረሯ ውስጥ አሸዋው ሲንከባለልና አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ስትሸሽ አየሁ። አባት ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ አስገቡና አወጡልኝ፤ ጠረጉልኝና መልሰው እጄ ላይ አኖሯት። ባትሪዋ ላይ ያለው አይፒኤክስ8 የሚለው ምልክት ከአንድ ሜትር በታች ጠልቆም ውሃ አይገባውም ማለት ነው፤ አራት ብቻ የሚል ቢሆን ኖሮ ከርጭት በላይ አይችልም ነበር። የማንጠልጠያ ክር ግን ያን ጊዜ አልነበራትም። አሁን አላት።

ሰፊው አዳራሽ ውስጥ አባት «ሁላችሁም አጥፉ» አሉ። አጠፋን። እዚያ ያለው ጨለማ ዓይን የሚለምደው ዓይነት አይደለም፤ እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ እጄን አላየሁትም። የዌይብ ድምፅ፣ የሌሊት ወፎቹ ሲርሲርታ፣ የባልደረባዬ ትንፋሽ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ አባት በትከሻዬ ነካ አደረጉኝና ያችን ትንሿን ብቻ አበራሁ፣ በአንድ ሉመን። የዓምዱ እግር ወጣ፣ ቀስ እያለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ከጀርባቸውም ውሃው ብልጭ አለ። ማንም ሌላ አላበራም። ከአዳራሹ የወጣነው በእሷው ነው።

መንደሩ ስንመለስ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ሳሙና፣ ብስኩት፣ የሬዲዮና የሰዓት ድንጋይ ይሸጣል። ባለ ትልቁ ባትሪ ባልደረባዬ ለድንጋዩ መሙያ ሮቤ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት፤ እኔ እዚያው ሁለት ገዛሁ። በመጠን ይህንኑ የሚመስል 14500 የሚባል የሚሞላ ድንጋይም አለ፤ ግን 3.7 ቮልት ስለሆነ በ1.5 ቮልት ብቻ ለሚሠራ ባትሪ መስጠት ማቃጠል ነው። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ «አዲስ ናቸው ኦቦ፣ ስማ» ብሎ አንዱን ድንጋይ ከጣውላው ላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በቁሙ ለቀቀው። ድፍ አለና ቆመ። ከመደርደሪያው ሥር ከጣለው አሮጌ አንዱን አንስቶ እንዲሁ አደረገ፤ ይኸኛው ነጥሮ እየተንከባለለ ወደ እኔ መጣ። አልካላይን ድንጋይ ሲሠራ ውስጡ ያለው ዚንክ ከጭቃነት ወደ ደረቅነት ስለሚለወጥ ነው የሚነጥረው። ግማሹ ሲያልቅም መንጠር ይጀምራልና የነጠረ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ያልነጠረ ግን ብዙም ያልተሠራበት ነው። ሁለተኛውንም እንዲጥልልኝ ጠየቅኩት። ድፍ አለ። ከፍዬ አንዱን ባትሪዬ ውስጥ፣ ሌላውን በደረት ኪሴ ከተትኩ።