የጭሱ መውጫ የት ነው?

ደሴ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታውን ነው። ከዚያ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ቆጣሪውን ያያል፣ ግድግዳው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ይመረምራል። ደግ አደረገ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ግን «አለው» ከተባለ በኋላ ዞሮ የሚያየው የለም። በቧንቧ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ሆጤ አካባቢ ሊገዛ ያሰበውን ቤት እንዳይለት ጠራኝ። ገንዘቡን የምትልክለት እህቱ ለንደን ትኖራለች። ደላላው ቀብድ እንዲከፈል ሲያጣድፍ እሷ «ጋዙን ማን አየው?» ብላ ያዘች። እነሱ ዘንድ ቤት የሚገመግመው ባለሙያ ቦይለሩን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያውን፣ አይፈትሽም፤ ለዚያ ጋዝ ሴፍ ሬጅስተር በሚባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ የተመዘገበና መታወቂያ የያዘ ሠራተኛ ለብቻው ይጠራል። መዝገቡ በዚህ ስም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ሻጯ እናት ማሞቂያውን በደስታ አሳዩኝ። ልጃቸው ከዐረብ አገር ስትመለስ ያስገጠመችላቸው ነው። የተሰቀለው ሻወሩ ውስጥ ሲሆን መስኮቱ በላስቲክ ታሽጓል። የጦሳን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድባቸውም።

ሙቅ ውሃውን ከፍቼ እሳቱን ተመለከትኩ። በደንብ የሚነድ ጋዝ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ይህ ግን ቢጫ ሆኖ ይንቀለቀላል፣ ከበላዩ ያለው ቆርቆሮም ጥላሸት ለብሷል። «እናቴ፣ ሰንደል ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ወሎ ቤት ሰንደል መቼ ይጠፋል! ማሞቂያውን ጥቂት ደቂቃ ካነደድነው በኋላ ሰንደሉን ለኩሼ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሚጀምርበት ሥር ያዝኩት። ጭሱ ወደ ቱቦው መሳብ ነበረበት። ትንሽ ወላወለና ወደ ፊቴ ተመለሰ። መሰላል አስመጥቼ ኮርኒሱን ስከፍት ቱቦው ጣሪያውን አልበሳም፤ ከኮርኒሱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ከሻወሩ የተረፈው ጭስ ኮርኒስ ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይወርዳል ማለት ነው።

«ቤት ውስጥ ራሱን የሚያመው ሰው አለ?»

እናትየው ክው አሉ። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ታጥባ በወጣች ቁጥር ራሷን ይዛ ትተኛለች፣ ያቅለሸልሻታል። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ሲያጠጧት ከርመዋል። ትኩሳት ግን አልነበራትም፤ ትምህርት ቤት ስትውልም ይለቃታል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ለመጣበቅ ያለው ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ብዙ ሰው ሲሊንደሩን አሽትቶ «አይሸትም፣ ደህና ነው» ይላል። የሚሸተው ግን ገና ያልተቃጠለው ጋዝ ነው፤ ያም እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ስለተጨመረበት። አየር አጥሮት በቅጡ ያልተቃጠለው የሚያወጣው መርዝ በአፍንጫ አይያዝም።

ደላላው «አብሽር፣ ይህን ያህል ጊዜ ሲሠራ ኖሮ ዛሬ ምን ይሆናል?» አለኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ እናትየው «ዝም በል አንተ! ልጅቷን ልታስፈጅብኝ ነው?» ብለው አፉን አስያዙት። ሲሊንደሩን ዘግቼ ሬጉሌተሩን ነቀልኩ፤ ልጅቷንም በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት እንዲወስዷት ነገርኳቸው።

ወጪውን ማን ይቻል በሚለው ላይ ጥቂት ክርክር ነበር፤ ሽማግሌዎች እኩል አካፈሏቸው። ማሞቂያው ከሻወሩ ሳይወጣ ቀሪው ክፍያ እንደማይከፈልም ውሉ ላይ ተጻፈ። ክፍት ወደሆነው የጓሮ በረንዳ አዛወርኩት፤ ማቃጠያውን ጠርጌ ቱቦውን ከጣሪያው በላይ አወጣሁ። የደረቀውን የጋዝ ጎማ ቀይሬ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ አንድም ቦታ አረፋ አልተነፋም። ሰንደሉንም እንደገና አጨስን፤ ጭሱ ሽቅብ ተሳበ። እህትየው በመንገደኛ የላከችውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኝታ ቤቶቹ ኮሪደር ላይ ሰቅዬ፣ የመሞከሪያ ቁልፉን በየጊዜው እንዲጫን ለአዲሱ ባለቤት አሳየሁት።